ወደ ሕንድ ቆላ ስንሰናዳ

አክስቴ ለሕክምና ሕንድ አገር መሄድ እንዳለባቸው በተነገራቸው ቀን ሐኪሙን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልባቸው አልነበረም። «አገሩ ደጋ ነው ቆላ?» ነው ያሉት።

ባሕር ዳር ነበርን፤ መስከረም እያለቀ ነው። ሐኪሙ ከአክስቴ የልብ በሮች አንደኛው እንደማይገጥም፣ መድኃኒቱ እስካሁን ደግፎ እንዳቆያቸው፣ ከእንግዲህ ግን በሩ ካልተቀየረ ልባቸው እየደከመ እንደሚሄድ ቀስ ብለው አስረድተው ጨርሰዋል። አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ሕንድ ካለ አንድ ሆስፒታል ጋር ሲጻጻፍ ከርሞ ነበርና የሚቀረው ቀጠሮ መያዝ ብቻ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የአክስቴን ነጠላና የመድኃኒት ፌስታል ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

ሐኪሙ ፈገግ አሉና «ቆላ ነው እናቴ። የሚሄዱበት ከተማ ቼናይ ይባላል፤ ባሕሩ ዳር ነው፤ ይሞቃል» አሏቸው።

«ወባስ?»

«ሊኖር ይችላል። እርስዎ ግን ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሆኑት።»

አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ልብ በር ሲነገራቸው የሰው ወሬ እንደሚሰማ ሰው ነበር የሰሙት፤ ቆላ ሲባል ግን ነገሩ የሚያውቁት ሆነ። ሐኪሙ ቀጥለው አብሮ የሚሄድ አስታማሚ እንደሚያስፈልግ ሲናገሩ አክስቴ ዞር ሳይሉ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ እኔን አመለከቱ።

«ይቺ ናት።»

ሐኪሙ አዩኝ፤ እኔም መሬት አየሁ። ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፌስታሉን ይበልጥ አጥብቄ ታቀፍኩ።

«ትናገራለች?» አሉ አክስቴን።

«ስትፈልግ ትናገራለች» አሉ አክስቴ።

ፍኖተ ሰላም የምኖረው ከእሳቸው ጋር ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ሳቆም ከገጠር አምጥተው በርበሬ ንግዳቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ እቴቴ እያልኳቸው አብሬያቸው አለሁ። ከማንኩሳና ከቡሬ ዙሪያ ገበሬዎች በርበሬ እየገዙ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ነጋዴ ያቀብላሉ። የእኔ ሥራ መልቀም ነው፤ ነጩን ከቀዩ፣ የሻገተውን ከደህናው እለያለሁ። በርበሬ መልቀም ለእኔ ዓይነት ሰው ይመቻል፤ አያናግርም። ሱቅ ስላክ ውስጥ ሰው ካለ እስኪወጣ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰው ሲሰበሰብ ድምፄ ከደረቴ አልፎ አይወጣም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ።

እሳቸው ሌላ ናቸው። መንገድ ተከፈተ ሲባል ገበያ ወርደው፣ ተዘጋ ሲባል ደግሞ ቤታቸው ሆነው በስልክ ንግዳቸውን ያስኬዳሉ። ደረጃ ሦስት ከወጡ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ግን ቆመው የሚያርፉትን ዕረፍት እንኳ ሰው ዕቃ የሚመርጡ እንዲመስለው አድርገው ነው የሚያርፉት። ገበያ መሐል አንድ ጆንያ በርበሬ ፊት ቆመው እያዩ ሲቆዩ ገበሬው ዋጋ ሊቀንሱብኝ ነው ብሎ ይጨነቃል። እሳቸው ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው። ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቆላን የሚያውቁት በወጣትነታቸው ነው። ከሟች ባላቸው ጋር ከቻግኒ ወዲያ ወርደው የሰው ሰሊጥ አጭደዋል። ከአንድ ቀዬ አብረው ከወረዱት ውስጥ ብዙዎቹ በወባ ተይዘው በሰው ትከሻ ሲመለሱ እሳቸውና ባላቸው በእግራቸው ነው የተመለሱት። ምክንያቱን ሲናገሩ ቃላቸው ተለውጦ አያውቅም። ሳይወርዱ በፊት ሳምንታት ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ከፌጦ ጋር ወቅጠው፣ ሎሚ ጨምቀውበት፣ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይበሉ ነበር። «ደም ቀድሞ መሰናዳት አለበት» ይላሉ። «ቆላ ያልተሰናዳውን ነው የሚይዘው።»

ከባሕር ዳር ስንመለስ ጉዞው አውቶቡሱ ውስጥ ተጀመረ ማለት ይቻላል። መራዊ ላይ በቆሎው ሰው ያክላል፤ እሳቸው በመስኮት እያዩት ስለ ሕንድ ያስባሉ። እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ሲገባ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና «በመስከረም መውረድ አይሆንም፤ ውሃው የሚያቁረው አሁን ነው፤ ወባው የሚነሣው አሁን ነው። ጥር ላይ ነው የምንወርደው» አሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ሕንድ መብረር እያለ ሲያወራ እሳቸው እስከ መጨረሻው «ስንወርድ» ነበር የሚሉት። አውሮፕላን ከፍ ብሎ መሄዱ ለእሳቸው ነገሩን አልለወጠውም።

እኔ የማደንቀው ይኼን ነበር። ስለ አንድ ትልቅ አገር ምንም ሳያውቁ ከየት መጀመር እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ፍርሃት ፊታቸው ላይ አላየሁም። በልብ በር ምክንያት የሚሄድ ሰው ሳይሆን አዲስ ገበያ ሊያይ የተነሣ ነጋዴ ይመስሉ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ቡሬ ሄድን። እዚያ የአክስቴ የድሮ የገበያ ጓደኛ አሉ፤ ሙስሊም ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸውን ለሕክምና ወስደው ቼናይ ሁለት ጊዜ ቆይተዋል። በቡሬ ገበያ ስለ ሕንድ የሚጠየቅ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው።

የሱቃቸው ደጅ ላይ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡን። አክስቴ ሰላምታው ሳያልቅ «ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ያህል ቆላ ነው?» አሏቸው።

«ከአውሮፕላን ስትወርጂ ድስት የተከፈተ ይመስልሻል» አሉ እትዬ። «እንፋሎቱ ፊትሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ይኼን የደረብሽውን ጋቢ እዚያ ብታሳዪያቸው ለምን እንደሆነ አይገባቸውም።»

«ክረምቱስ መቼ ነው?»

«በዚያ ከተማ ዝናቡ የሚወርደው ጥቅምትና ኅዳር ነው።»

አክስቴ ወሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። እኛ አገር ሰማዩ ጥርት ባለበት ወር ሌላ ቦታ ዝናብ መኖሩ ደነቃቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና ጥር ያሉት ልክ መሆኑን በዓይናቸው ነገሩኝ።

እትዬ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። ባላቸው የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ቁጣ ቁጣ እያላቸው የተነሡት ነበር። ሌላው ላይ ከቅርንጫፉ ሥሩን ወደ መሬት የሚያወርድ ዋርካ ነበር፤ አንዱ ዛፍ ብዙ ዛፍ ሆኖ መንገዱን ያለብሳል። ባሕሩም ነበር። እኔ የማውቀው ሰፊ ውሃ ጣና ነው፤ ጣና ማዶው ባይታይም ማዶ እንዳለው ይታወቃል። ይኼኛው ግን ሰማዩን ይዞ የሚያልቅ ነው። እትዬ የሚያወሩትን ትቼ እሱን ሳይ ቆየሁ። ሰዉ ደግሞ አያልቅም። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄዱ ቋንቋው ስለሚለይ እርስ በርሳቸው እንኳ የማይግባቡ አሉ አሉን፤ አንድ አገር ሆነው መኖራቸው እትዬን ዛሬም ይገርማቸዋል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የማይነካበት ምግብ ቤት በየመንገዱ ሞልቷል ሲሉ አክስቴ ደስ አላቸው።

«ሁልጊዜ ይጾማሉ ማለት ነው?»

«ወተቱን ይጠጣሉ እንጂ።»

«እሱን እኛ እንተወዋለን» አሉ አክስቴ። የንስሐ አባታቸው ሕመምተኛ እንዲጾም እንደማይገደድ ነግረዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የሚበላ የጾም ምግብ መኖሩን ሲሰሙ አንድ ሸክም የወረደላቸው ይመስሉ ነበር።

ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ ደረሱና ስልኩን ከእትዬ እጅ ወሰዱት። መንገድ ዳር መሬት ላይ የተከመረ ቀይ በርበሬ ነበር፤ ከኋላው ሴቶች ቁጢጥ ብለው ይለቅማሉ። እትዬ ያነሡት ሌላ ነገር ሊያነሡ ሲሉ ነው። አክስቴ ግን ፎቶውን አስፍተው አዩት፣ እንደገና አስፍተው አዩት። «ቀጭንና ረጅም ነው። ቆዳው የተሸበሸበ ነው። ደርቆ እንኳ ቀለሙን አልለቀቀም።» ከዚያ ሴቶቹን አዩ። «አቀማመጣቸውን እይ እስቲ» አሉኝ። እውነትም እኔ የምቀመጠውን አቀማመጥ ነበር የተቀመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ አገር ሳስብ ቀድመው የሚመጡልኝ እነዚያ ሴቶች ነበሩ፤ ለእነሱ ምንም መናገር ሳያስፈልገኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መልቀም የምችል ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ግን እኔን ሲያዩ ቆይተው ነበር። «ይችን ነው ይዘሽ የምትሄጂው?» አሉ።

«እሷን ነው።»

«መልክ አላት፣ ጠባይ አላት። አፏን ግን ምን በላው? እዚያ አማርኛ የሚያስተረጉም ልጅ አለ፤ ቋንቋው አያስቸግርም። አስተርጓሚው ግን የሚያስተረጉመው የተናገረ ሰው ሲያገኝ ነው።»

ከዚያ ሊያሠለጥኑኝ ወሰኑ። ሱቃቸው ደጅ አቁመው የሚያልፈውን ገበያተኛ እንድጠራ አዘዙኝ። ጨርቁን አጥፌ አጥፌ ልቅም አድርጌ ደረደርኩት፤ አንድ ሰው ግን አልጠራሁም። ከገጠር የመጣች አንዲት እናት አጠገቤ ቆማ ጥቂት ካየችኝ በኋላ ዱዳ መስዬያት አዘነችልኝ መሰለኝ፣ በእኔ ፈንታ ሌላዋን ሴት ጠርታ ሸማውን አሳየቻት። እትዬ እስኪያልባቸው ሳቁ። ስንሸኝ አክስቴን በጆሯቸው የነገሯቸውን አልሰማሁም፤ መልሳቸውን ግን ሰምቻለሁ። «ይቺ ስትሆን አርፋለሁ። ከሚያወራ ሰው ጋር ማረፍ አልችልም» አሉ።

ልጃቸው ግን እንደ እትዬ ነበር የሚያስበው። በስልክ በደወለ ቁጥር የሚስቱን እህት ያነሣል። ኮሌጅ የጨረሰች ናት፣ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አትደናገርም። ለእኔ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ለእናቱ ፈርቶ ነው። ለእኔም ለእሷም ፓስፖርት ወጥቶልን ነበር፤ የማን ስም ከእናቱ ጋር ወደ ቪዛው እንደሚገባ ግን እስከ መጨረሻው አልቆረጠም። አክስቴም እናያለን እያሉ ያልፉታል። እኔ ልሂድ ብዬ አልተናገርኩም። መሄድ ግን እፈልግ ነበር። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ያ ማዶ የሌለው ባሕር ይመጣብኝ ነበር።

ከሕንዱ ሆስፒታል መልስ ሲመጣ ልጃቸው ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ መሆኑን ነገረን። ይኼ ለአክስቴ በቂ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጾሙ ሲገባ፣ የቆላውን ዝግጅት ጀመሩ።

ነጭ ሽንኩርቱን ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ከገበያው ሁሉ ጥርሱ ትንንሽና የሚያቃጥለውን። ፌጦውን እኔ አመስኩ፣ ወቀጥኩ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳችን፣ ለእሳቸው አንድ ትልቅ ራስ ሙሉ፣ ለእኔ ግማሽ። «አንቺም ትወርጃለሽና» አሉኝ፤ ያን ጊዜ ልጃቸው ምንም ቢል እኔን እንደሚወስዱ ገባኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው የሽንኩርቱ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ።

ጠረናችን ሰው የሚያስጠጋ አልነበረም። በርበሬ ሊያስረክቡ የሚመጡ ገበሬዎች ራቅ ብለው ነበር የሚነጋገሩት። እትዬ በርበሬ ሊገዙ ፍኖተ ሰላም መጥተው ቤት ሲገቡ በር ላይ ቆም ብለው «እናንተን ወባ ቀርቶ እኔም አልጠጋ» አሉ። አክስቴ አልተቀየሙም። የሰሊጥ አጨዳውን ዘመን አነሡላቸው፤ በሰው ትከሻ የተመለሱትን አንድ በአንድ ከነቀያቸው ተናገሩ። እትዬ መጨረሻ ላይ ቤታቸው ወስደው እንዲሞክሩት ትንሽ ተቋጥሮላቸው ሄዱ።

በዚያ ወር አክስቴ ወደ ጉዞው የገቡበት ሁኔታ ዛሬም ይደንቀኛል። የበርበሬው ወቅት ስለነበር ቤታችን እስከ ጣሪያው ጆንያ ነው። እሳቸው እዚያ መሐል ተቀምጠው፣ አንዱን ገበሬ እየሸኙ ሌላውን እየተቀበሉ፣ በመሐሉ ለእኔ የሕንድን ጉዞ ያዘጋጁ ነበር። በሶ ይፈጫል፤ ጨው በዝቶ ልባቸውን እንዳያስቸግር ጨው አይገባበትም። ጋቢው ይቀራል፤ ነጠላው ሁለት ይሆናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጅ መቀመጥ የለም። ያልፈላ ውሃ የለም። ሐኪሞቹ ፈቅደው መራመድ ሲችሉ ደግሞ የበርበሬውን ገበያ ሄደው ያያሉ፤ ዘር ይለምናሉ። ዘር ይዞ መግባት ይከለከል ይሆናል ብዬ በቀስታ ስላቸው «እንግዲያው አይቼው እመለሳለሁ፤ ማየት አይከለከል» አሉ። አንድ ጊዜ እንኳ «ከተመለስኩ» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

ታኅሣሥ ሲገባ ጠዋት ላይ የመፋቂያቸው ጫፍ ቀልቶ አየሁ። መጀመሪያ የበርበሬ እጅ የነካው መስሎኝ ነበር። በማግስቱም ቀልቷል። ከዚያ ክንዳቸው ላይ ጆንያ ሲያነሡ የተጋጩበት ቦታ ጠቁሮ፣ እየሰፋ ሄዶ የመዳፍ ያህል ሲሆን አየሁ። መፋቂያውን አንሥቼ እያየሁ መሆኔን ሲያዩ ከእጄ ወስደው ጉድፍ ውስጥ ጣሉት።

«ድድ ነው። በርበሬ ሲቦን ድድ ይቆጣል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለልጄ ትንፍሽ እንዳትይ። ይኼን ከሰማ ፈርቶ ቀጠሮው ይቅር ይላል» አሉኝ።

አልተናገርኩም። እኔም ይቅር እንዲባል አልፈለግሁም። መፋቂያ ግን በየቀኑ አይ ነበር፤ ማየቱን ማቆም አልቻልኩም።

ገና ሊደርስ ሲል ለመጨረሻው ምርመራ ባሕር ዳር ሄድን። ደማቸው ታይቶ ሐኪሙ ለጉዞ ብቁ ናቸው ብለው መጻፍ ነበረባቸው። የዚያን ዕለት አክስቴ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር፤ ለመሰናበት ነበርና የሄድነው። ሐኪሙ የደሙን ውጤት ተቀብለው አዩ፤ መልሰው አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

አክስቴ የሚወስዱት መድኃኒት ደም እንዳይረጋ የሚያቀጥን ነው። አሁን ግን ደማቸው ከሚገባው በላይ ቀጥኗል አሉ ሐኪሙ፤ በዚህ ሁኔታ አውሮፕላን ላይ እንዲወጡ መፍቀድ እንደማይችሉ፣ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ መሆኑን ነገሯቸው። ምክንያቱ ካልታወቀ ለሕንዱ ሆስፒታል ቀጠሮው ይተላለፍ ብለው መጻፍ ሊኖርባቸው ነው። ቀጠሮው አንዴ ካለፈ ደግሞ ሌላው መቼ እንደሚሆን አይታወቅም፤ ልባቸው እስከዚያ ይጠብቅ አይጠብቅ እርግጠኛ አይደሉም።

«መድኃኒቱን አብዝተው ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም።»

«ሌላ መድኃኒት? የባህል ነገር፣ ሥር፣ ቅጠል?»

«ምንም» አሉ አክስቴ። አልዋሹም። ሐኪሙ ሳይነግሯቸው ምንም መድኃኒት እንዳይወስዱ ከነገሯቸው ጊዜ ጀምሮ ትእዛዙን እንደ ጾም ነበር የሚያከብሩት፤ ጎረቤት ያመጣችላቸውን ሥር እንኳ አልቀመሱም። ነጭ ሽንኩርት ግን ለእሳቸው መድኃኒት አይደለም። ወጥ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

«የሚደማዎት ቦታስ አለ? ድድ፣ አፍንጫ?»

አክስቴ የቀሚሳቸውን እጅጌ ወደ ታች ሳብ አደረጉ። «የለም» አሉ።

ሐኪሙ ወረቀት ሳቡ። እኔ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነበርኩ። ብናገር ጉዞው በእኔ አፍ የሚቀር መሰለኝ። ዝም ብል ደግሞ ያ ጥቁረት ከክንዳቸው ወጥቶ ሌላ ቦታ፣ እኔ የማላየው ቦታ ሲሰፋ ታየኝ። ተቀምጬ መናገር ስላልቻልኩ ተነሣሁ። ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ።

«ይደማሉ» አልኩ።

ሐኪሙ ማን እንደተናገረ ለማወቅ መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ድዳቸውን ነገርኳቸው፤ ክንዳቸውን ነገርኳቸው። ቆላ ስለሚወርዱ ደማቸውን እያሰናዱ መሆናቸውን፣ እኔም አብሬ እየተሰናዳሁ መሆኔን፣ ፌጦውን የማምሰው እኔ መሆኔን፣ ሎሚ እንደሚጨመርበት፣ ማንም ያልጠየቀኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ነጭ ሽንኩርት ስል ሐኪሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ምን ያህል?»

«አንድ ራስ። ትልቁን።»

«በቀን?»

«በቀን። ከሰሞኑ ማታም ተጨምሯል፤ ቀጠሮው ስለቀረበ።»

ሐኪሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሊቆጡ ነው ወይስ ሊስቁ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን ወደ አክስቴ ስበው ተጠግተው ተቀመጡ። አልሳቁባቸውም። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውንም አደንቃለሁ። ለቆላ ሰውነትን አስቀድሞ ማሰብ ጥሩ አሳቢነት መሆኑን፣ ጤነኛ ሰው ያን ያህል ቢበላ ጠረኑ ብቻ እንደሚከፋ፣ እሳቸው ግን ቀድሞውኑ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ላይ ስለሆኑ ነጭ ሽንኩርቱ በላዩ ሌላ ማቅጠኛ እንደሆነባቸው አስረዷቸው። ወጥ ውስጥ እንደ ወትሮው ሊገባ ይችላል። ወቅጦ መብላቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል፤ መድኃኒቱም ለጥቂት ቀን ይቆማል። ለወባው አጎበር አለ፣ መከላከያም አለ። ገናን በቤታቸው አሳልፈው ተመልሰው ይመጣሉ፤ ደሙ ከተስተካከለ ቀጠሮው አይነካም።

«ካልተስተካከለስ?» አሉ አክስቴ።

«ያኔ እጽፋለሁ» አሉ ሐኪሙ። «ዛሬ ግን አልጽፍም።»

አውቶቡስ ላይ አክስቴ አላናገሩኝም። መራዊን አለፍን፣ ዱርቤቴን አለፍን። ሁልጊዜ በመስኮት በኩል እኔን አስቀምጠው አገሩን ያሳዩኝ ነበር፤ ያን ቀን እሳቸው መስኮቱን ይዘው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። በሰው ፊት ሐሰተኛ እንዳደረግኋቸው አውቃለሁ። ይቅርታ ልበላቸው ብዬ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ይቅርታ ብል ዳግመኛ አልናገርም ማለት ይሆንብኝ ነበር።

ዳንግላ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲሳፈር፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ «ሕንድም እንዲህ ልታደርጊኝ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እቴቴ።»

«በዚያ ሁሉ ሐኪም ፊት?»

«አዎ።»

እንጅባራ ላይ ብርዱ ሲገባ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ።

ከገና በኋላ ስንመለስ ደማቸው ወደሚፈለገው ልክ ተመልሶ ነበር። ሐኪሙ የመጓዣውን ወረቀት ጽፈው፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ሊናገሩ ሲሉ ወንበራቸውን ከአክስቴ ወደ እኔ አዞሩ። የትኛው ጠዋት፣ የትኛው ማታ፣ ምን ዓይነት ምልክት ሲታይ ለማን እንደሚነገር አንድ በአንድ ነገሩኝ። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ግን ያልገባኝን እየጠየቅሁ አስደገምኳቸው።

መተላለፊያው ላይ ቆመን ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ሳለ ልጃቸው ደወለ። ደሙ መስተካከሉን ሲሰማ ያለቀሰ ይመስለኛል፤ አክስቴ ደጋግመው «ተው እንጂ» ይሉት ነበር። ከዚያ የሚስቱን እህት ጉዳይ አነሣ። ቪዛው ዛሬ ካልገባ አይደርስም፤ ስሟን ላስገባ ወይ አላቸው። አክስቴ ግድግዳውን ተደግፈው እኔን እያዩ ነበር የመለሱለት።

«ጎበዝ ልጅ ናት፣ እወዳታለሁ። ግን ታከብረኛለች። ደብቂልኝ ብላት ትደብቅልኛለች። ይቺ ለምኛት እንኳ አልደበቀችልኝም። ልቤን ከፍተው ሲያዩት አጠገቤ የምትቆመው እሷ ናት።»

ልጃቸው የፓስፖርቴን ፎቶ አሁኑኑ እንድልክለት ነገራቸው።